እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

«የማን ለቅሶ ነው?» አለች ተናኘወርቅ።

ባለሱቁ ጃፋር ቀና አለ። ከሱቁ እልፍ ብሎ የተተከለው ድንኳን የቅያሱን ግማሽ ይዟል። የእድሩ ሰዎች አግዳሚ ወንበሮች ከጋሪ ላይ ያወርዳሉ። ጃፋር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና ትክ ብሎ አያት።

«አንቺ ተናኘ ነሽ?»

«ነኝ ጋሽ ጃፋር።»

«አልነገሩሽም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ህሩይ ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትናንት ከሰዓት። የጭነት መኪና ጎማ እያነሳ ሳለ ወደቀ። ሐኪም ቤት እንኳን አልደረሰም።»

ተናኘወርቅ ከጃፋር ጀርባ የተሰቀለውን ሰዓት አየች። ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። በአንድ እጇ ብርቱካን የሞላ ፌስታል፣ በሌላው አንድ ፓኬት የቀለም እርሳስ ይዛለች። በቀሚሷ ደረት ውስጥ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። ያን ወረቀት ለህሩይ ልታነብለት ነበር የመጣችው። በሩን ሲከፍትላት፣ ሰላም እንኳን ሳትለው፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ልታነብለት። ከኮልፌ እስከ ሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ፣ ከሜክሲኮ እስከ ልደታ በእግሯ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትለማመደው ነው የመጣችው። ባሏ ከነበረ ሰው ጋር ለስድስት ዓመት ያልተነጋገረችውን ሁሉ በዚያ ንባብ ልትጨርሰው ነበር።

«ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው» አለ ጃፋር። «ዕቃሽን እዚህ ተዪው። በብርቱካን ለቅሶ አይደረስም።»

ሰጠችው። ከዚያ ነጠላዋን ፈታች፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ዛሬ ልጇን ታያለች ብላ ትናንት ያጠበችው ነጠላ ነበር፤ አሁንም ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ቦታ አለው። የሥጋ ዘመድ ፍራሽ ላይ ይቀመጣል፤ ጎረቤት አግዳሚ ላይ፤ እንግዳ በሩ አጠገብ። የተፋታች ሚስት የት እንደምትቀመጥ ግን ለተናኘወርቅ የነገራት ሰው የለም። ደፉ ላይ ቆመች። ቡፌው ያው ነው። መጋረጃው ተቀይሯል። ለቀስተኛው አንድ በአንድ ቀና እያለ አያት፤ ሹክሹክታውም ከጥግ እስከ ጥግ ዞረ።

«እናቷ ናት።»

«የቷ?»

«ትታት የሄደችው።»

«ሬሳ ሲወጣ ነው እንግዲህ የሚመጡት።»

«ነይ፣ እኔ ጋ» አሏት አንዲት አሮጊት ከፍራሹ ጥግ። እማማ ወለተሰንበት ናቸው፤ ቤታቸው ከህሩይ ቤት በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። «እኔም ዘመድ አይደለሁም። ፍራሽ ላይ ያስቀመጠኝ ጉልበቴ ነው።»

ሄዳ ከጎናቸው ተቀመጠች። ያን ጊዜ ልጇን አየቻት። ሓበን ከአክስቷ ከጽንዓት አጠገብ፣ የሰው የሚመስል ሰፊ ጥቁር ሹራብ ለብሳ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ስትለያት አምስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አሥራ አንድ ሞልቷታል። እግሯ ረዝሟል። ጸጉሯ ለሁለት ተከፍሎ በነጭ ሪቫን ታስሯል፤ ግራው ከቀኙ ከፍ ብሎ፣ ቀኙ ወደ ኋላ ሸሽቶ። ሴት ያሠረችው ጸጉር አይመስልም።

ሓበን እናቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ስድስት ሰዓት ላይ ተናኘወርቅ ከለቀስተኛው ጋር ወጣች። ሬሳውን ከኋላ ሆና ተከተለች። አፈር ሲመለስ ከኋላ ሆና አየች። ማልቀስ ግን አልቻለችም። ለማን ታልቅስ? ስድስት ዓመት ሙሉ በልቧ ከዚህ ሰው ጋር ስትሟገት ኖራለች፤ ልታሸንፈው በመጣችበት ቀን ሞቶ ጠበቃት። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ይደረጋል?

ህሩይ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ጎሚስታ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ጎማ ይነቅላል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። ሓበን የተወለደች ዕለት ከሥራ በቀጥታ ሐኪም ቤት መጣ፤ ልጁን ግን አልያዛትም። እጁን አየው፤ ወጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲመለስ እጁ በቤንዚንና በሳሙና ከመፈተጉ ብዛት ቀልቷል። ጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁረት ግን አልለቀቀም። «ይህ ከእኔ ጋር የተወለደ ነው» ብሎ ሣቀ፤ ልጁንም በክንዱ ብቻ፣ ጣቶቹን አርቆ ያዛት። ተናኘወርቅ ያን ቀን ወደደችው። ስታገባው አልነበረም የወደደችው፤ ያን ቀን ነው።

ይኸው ሰው ነው በኋላ ያን ቃል የተናገራት። ሓበን መዋዕለ ሕፃናት የጨረሰችበት ዓመት ነበር። ትምህርት ቤቱ ወረቀት ላከ። ተናኘወርቅ ማንበብ አትችልም፤ ወረቀቱን ቡፌው ላይ አስቀመጠችው፤ ህሩይም ለሳምንት ያህል እየመሸበት ሲገባ ሳያየው ቀረ። ወረቀቱ የሚለው ልጆቹ ለበዓሉ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን በነጭ ሪቫን አሥረው ይምጡ ነበር። ሓበን ባለ ቢጫ አበባ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። አርባ ነጭ የለበሱ ልጆች መሐል አንዲት ቢጫ ሆና ቆማ ስታለቅስ አባቷ በአጥሩ በኩል አያት።

ማታ ህሩይ ወረቀቱን ከቡፌው ላይ አነሳው። አልጮኸም። «ወረቀት የማታነብ እናት» አለ፣ «ለልጇ ምን ትሠራላታለች?»

ተናኘወርቅ በሦስተኛው ቀን ሄደች። ሌላም ጠብ ነበር፤ ሁሉንም ብትቆጥር ብዙ ነው። የወጣችው ግን በዚያ ቃል ነው።

ሰኞ ለቀስተኛው በዛ። ከጎሚስታው ሰፈር የመጡት ወንዶች ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ። ሴቶቹ ንፍሮ ያዞራሉ፤ ሻይ ከፔርሙስ ይቀዳሉ። ተናኘወርቅ ኩሽና ገብታ ብርጭቆ ታጥባለች። የምታውቀው ሥራ ነው፤ ሜክሲኮ አንድ ካፌ ውስጥ ዕቃ ስታጥብ አምስት ዓመት ሞልቷታል። እጇ ውኃ ውስጥ ሲሆን ሰው ምን ትሠራለች ብሎ አያያትም።

የጽንዓትን ድምፅ የሰማችው እዚያው ሆና ነው። ጽንዓት የህሩይ ታላቅ እህት ናት፤ ከአዳማ ሌሊቱን ገሥግሣ ነው የደረሰችው።

«ነገ ሠልስቱ እንዳለቀ ይዣት እሄዳለሁ» ትላለች ለአንዲት ለቀስተኛ። «ሻንጣዋን አሥሬያለሁ። ትምህርት ቤትም አነጋግሬያለሁ።»

«እናቷስ?»

«የትኛዋ እናቷ? ፍርድ ቤቱ የነጠቃትን እኔ ልመልስላት? በስድስት ዓመት አንድ ቀን ደጁን አንኳኩታ አታውቅም። ድመት እንኳን ለግልገሏ ትመለሳለች።»

ከተናኘወርቅ እጅ ብርጭቆ አመለጠ፤ አልተሰበረም። ነገ። እስከ ነገ ነው ያላት። ውኃው ውስጥ እጇን እንዳደረገች ቆመች። ወጥታ ብትናገር ምን ትላለች? ያለመምጣቷ ምክንያት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያን ዓረፍተ ነገር ግን ለካፌው ባልደረቦቿ፣ ላከራየቻት ሴትዮ፣ ለንስሐ አባቷ እንኳን ተናግራው አታውቅም።

«ብይ።»

ዞር ስትል ሓበን የንፍሮ ሳህን ይዛ ቆማለች። ዓይኗን አላነሳችም። ተናኘወርቅ እጇን በቀሚሷ አበሰችና ጥቂት ዘገነች።

«ትናንት እሁድ ነበር» አለች ሓበን።

«አዎ።»

«ስንት ሰዓት መጣሽ?»

«ለሦስት አምስት ጉዳይ።»

ልጅቷ ነገሩን መዘነችው። «አባዬ ሦስት ሰዓት ላይ ነው በርጩማዎቹን የሚያወጣው» አለች። «ትናንት ብቻ ነው ያላወጣው።»

«የምን በርጩማ?»

ሓበን አሁን ቀና አለች። ፊቷ ላይ ንዴት ነበር። «አንቺን የምንጠብቅበት ነዋ።»

«ሓበንዬ» ብላ ተጣራች ጽንዓት ከሳሎን። ልጅቷ ሳህኑን ይዛ ሄደች። ተናኘወርቅ የዘገነችው ንፍሮ እጇ ውስጥ ቀረ።

ጃፋር ሱቅ ክብሪት ልግዛ ብላ ወጣች። ክብሪት ማንም አላዘዛትም።

«ጋሽ ጃፋር» አለችው። «እሁድ እሁድ ምን ያደርጉ ነበር?»

ጃፋር ክብሪቱን ሰጣትና እሱም ወጥቶ ከበሩ ላይ ቆመ።

«ያንን በር ታይዋለሽ? ከግራው አንድ በርጩማ፣ ከቀኙ አንድ በርጩማ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሁለቱም ተቀምጠዋል። ልጅቷ ነጭ በነጭ ናት። ጸጉሯን የሚያሥርላት እሱ ራሱ ነው። ስንቀልድበት አልኖርንም? "ጎሚስታው የሴቶች ጸጉር ቤት ከፈተ" እንለው ነበር። "ወረፋ ያዙ" ይለናል። አይሰማንም።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«መጀመሪያ ላይ እስከ አሥራ አንድ። ኋላ ኋላ እስከ ምሳ። ዘንድሮ ልጅቷ መጽሐፏን ይዛ ነበር የምትወጣው። እንደማትመጪ ያወቀች ይመስለኛል። እሱ ግን ሪቫኑን አልተወም።»

«ለምን ሰው አልላከብኝም?»

«በፊት ወደነበርሽበት ቤት ሁለት ጊዜ ሄዷል። ለቃለች አሉት። ስልክሽ አይሠራም። አንድ ቀን እኔም "ሴትየዋ የፍርድ ቤቱ ወረቀት ምን እንደሚል ላታውቅ ትችላለች እኮ" አልኩት። "የሚያነብላት ሰው አታጣም" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ኮራ። የኮራ ሰው ደግሞ ከራሱም ጋር አይነጋገርም።»

ተናኘወርቅ ክብሪቱን ጨበጠች። የሚያነብላት ሰው አላጣችም። አዲስ አበባ ሙሉ ሰው ነበር። ያጣችው አፍ ነው፤ «አንብቡልኝ» የሚል አፍ።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ ውሳኔው የተሰጠ ዕለት፣ ፍርድ ቤት የሆነው ሁሉ አጭር ነበር። ችሎቱ ከዚህ ቅያስ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ዳኛዋ ማንበብ ጀመሩ፤ «ሕፃን ሓበን ከአባቷ ጋር እንድትኖር» የሚለው ላይ ሲደርሱ የተናኘወርቅ ጆሮ ተደፈነ። ተነሥታ ወጣች። ዳኛዋ ገና እያነበቡ ነበር። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ለሌላው «የፍርድ ቤት ትእዛዝ የጣሰ ይታሰራል» ሲል ሰማች። ለእሷ አልነበረም የተነገረው፤ እሷ ግን ይዛው ሄደች። ከሳምንት በኋላ መዝገብ ቤት ገብታ ግልባጩን ስትወስድ ሠራተኛው «አንብቢና ፈርሚ» አላት። ወረቀቱን የምታነብ ለመምሰል ትኩር ብላ አየችው። ገጹን ገለበጠች። አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ የተለማመደችውን ፊርማ ጫረች።

ከዚያ በኋላ ወደ ልደታ አልዞረችም። ታክሲው በዚያ በኩል ሲያልፍ እንኳን አንገቷን ትደፋለች፤ ከመስኮት ማየትም ትእዛዝ መጣስ መስሏት።

ፊደል መቁጠር የጀመረችው በሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ወረዳው የጎልማሶች ትምህርት ከፈተ ሲሉ ሰማች፤ ከሥራ መልስ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ አንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት ውስጥ። ጉልበቷ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ በጎን ተቀመጠች። ለምን መጣሽ ሲሏት «የታክሲ ታርጋ ለማንበብ» አለች፤ ሣቁ። ሁለት ዓመት ተማረች። ዘንድሮ ወረቀቱን ከላስቲኩ አወጣችው። ለመምህሯም አላሳየችም። በቀን አንድ መስመር፣ በምሳ ዕረፍቷ፣ ካፌው ጀርባ ቆማ። «አመልካች» የሚለውን ቃል ለማወቅ አራት ቀን ፈጀባት። ባለፈው ሐሙስ ሁለተኛው ገጽ ላይ «እሁድ» የሚል ቃል አየች። እሁድን ታውቀዋለች፤ ክፍል ውስጥ በመጀመሪያው ወር ነው የጻፈችው። ከእሁድ ፊትና ኋላ ያለውን አንብባ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠች።

ስለ ህሩይ ሰኞ ማታ አለቀሰች፤ እማማ ወለተሰንበት አጠገብ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።

«እንዲህ ነው» አሉ አሮጊቷ። «እኔ ደግሞ መቼ ትጀምራለች እያልኩ ነበር።»

ማክሰኞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ሞላ። ምሳ ተበላ፤ እጅ ታጠበ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ጻድቃን ከአግዳሚው ተነሡ። የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ሁልጊዜ መዝገብ የሚከፍቱ ይመስላሉ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ። «እንግዲህ ድንኳኑ ዛሬ ይነሳል። ከመነሳቱ በፊት የልጅቷን ነገር ተነጋግረን ብንለያይ መልካም ነው። ለቅሶ ላይ ያልተቋጨ ነገር ኋላ ጠብ ይሆናል። ጽንዓት፣ አንቺ ጀምሪ።»

ጽንዓት ተነሣች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። በእጇ የወንድሟን የወረቀት ማኅደር ይዛለች።

«እኔ ክፉ ቃል አልናገርም» አለች። «ወንድሜ ይቺን ልጅ ብቻውን አሳደገ። እናትየው እዚህ ተቀምጣለች፤ መጥታ ማልቀሷ ደግ ነው። ነገር ግን ልጅ በለቅሶ አይያዝም። ፍርድ ቤቱም ያኔ አይቶ ነው የወሰነው። ውሳኔው ይኸው። ጋሽ ጻድቃን፣ ያንብቡላቸው፤ ሁሉም ይስማ፤ እኔም ነገ ልጅ ነጠቀች አልባል።»

ወረቀቱ ለጋሽ ጻድቃን ተሰጠ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው ፈለጉ።

ተናኘወርቅ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። እንደተነሣች ያወቀችው ድንኳኑ ዝም ሲል ነው።

«ጋሽ ጻድቃን» አለች። «ይፍቀዱልኝና እኔ ላንብበው።»

«አንቺ?» አለች ጽንዓት። ስድብ አልነበረም፤ ገርሟት ነው። የወንድሟ ሚስት ማንበብ እንደማትችል ታውቃለች። ሰፈሩም ያውቃል። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ጋሽ ጻድቃን ተናኘወርቅን አዩዋት፤ ወረቀቱንም አዩት። «ስሟ እዚህ ላይ አለ» አሉ። «ባለጉዳይ ናት። መብቷ ነው።» ዘረጉላት።

የራሷ ግልባጭ በደረቷ አለ። ይህ ግን የህሩይ ነው። ወረቀቱ ከእሷ ግልባጭ ይልቅ ያረጀ ነው፤ እጥፋቱ በፕላስተር ተለጥፏል። ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች። በግራው ጠርዝ፣ ልክ የምትፈልገው መስመር አጠገብ፣ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ አለ። አንድ ጊዜ የታተመ አይደለም፤ ደጋግሞ በአንድ ቦታ ያረፈ ጣት ነው። ጥቁረቱን ታውቀዋለች። በቤንዚንም በሳሙናም አይለቅም።

ጣቷን አሻራው ላይ አሳረፈች።

«በ... በመሆኑም ይህ ችሎት የሚከተለውን ወስኗል» አለች። ድምፁ የእሷ አልመስል አላት። «አንደኛ፣ ሕፃን ሓበን ህሩይ ከአባቷ ከአመልካች ጋር እንድትኖር።»

ይህን ያህሉን ሁሉም ያውቀዋል። ጽንዓት አንገቷን ነቀነቀች።

«ሁለተኛ። ተጠሪ ወይዘሮ ተናኘወርቅ አዱኛ» የራሷን ስም ጮክ ብላ ስታነብ የመጀመሪያዋ ነበር፤ አንድ ጊዜ ትንፋሿን ሰበሰበች። «በየሳምንቱ እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ልጃቸውን ወስደው እንዲያቆዩ። አመልካችም በተባለው ቀንና ሰዓት ልጅቷን አዘ... አዘጋ...»

ቃሉ ፕላስተሩ ሥር ገብቷል። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ሰው ሁሉ ጠበቃት። እሁድ መንገድ ላይ ስትለማመደው ቃሉ አፏ ላይ ነበር፤ አሁን ጠፋ።

«"አዘጋጅቶ እንዲጠብቅ"» አለ የልጅ ድምፅ።

ሓበን ድንኳኑ በር ላይ ቆማለች። ወረቀቱን አታይም። መሬት መሬት እያየች ነው የተናገረችው፤ እንደ ዳዊት በቃሏ የያዘችው ነገር ነው።

«አባዬ እሁድ እሁድ ያነብልኝ ነበር» አለች። «ትመጣለች፣ እዚህ ላይ ተጽፏል፣ ይለኝ ነበር።»

ከጠመንጃ ያዥ የመጡት ወንዶች አንገታቸውን ደፉ። ተናኘወርቅ ወረቀቱን አጠፈች። የቀረውን ያለ ወረቀት ነው የምትናገረው።

«ይህ ወረቀት እኔም ጋ አለ» አለች። ዓይኗ ልጇ ላይ ነው፤ ለድንኳኑ አልነበረም የምትናገረው። «ስድስት ዓመት ይዤዋለሁ። ማንበብ አልችልም ነበር። ዳኛዋ ሲያነቡ የመጀመሪያውን ሰምቼ ወጣሁ። ከዚያ አንብቡልኝ ለማለት አፈርኩ። ደጃችሁን ከረገጥኩ የምታሰር መስሎኝ ነበር። ማንም አልከለከለኝም። ያባትሽም ጥፋት አይደለም። አልመጣችም ካለሽም እውነቱን ነው። ፊደል ቆጥሬ፣ ራሴ አንብቤ የጨረስኩት ባለፈው ሐሙስ ነው። ሐሙስ አነበብኩ፤ እሁድ መጣሁ።»

ተናገረችው። ለዓመታት የደበቀችው ዓረፍተ ነገር ሦስት መቶ ሰው በተቀመጠበት ድንኳን ውስጥ ወጣ፤ ምድር አልተከፈተችም። ማንም አልሣቀም። እንዲያውም ትከሻዋ የቀለለ መሰላት፤ ቆማ ስታየው ድንኳኑ ትንሽ ነበር።

«ስድስት ዓመት» አለች ጽንዓት፣ ቀስ ብላ። «አንድ ሰው አጥተሽ? እኔ አላነብልሽም ነበር?»

«አንቺንማ እንዴት ብዬ፣ እትዬ ጽንዓት።»

ጽንዓት ተቀመጠች።

ጋሽ ጻድቃን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ በሥራዬ ዘመን ብዙ ውሳኔ ሲነበብ ሰምቻለሁ» አሉ። «እንዲህ የተነበበ አልሰማሁም። እንግዲህ አባት ሲሞት ልጅ ለእናቷ ናት፤ ሕጉም ልማዱም ይኸው ነው። ነገር ግን ልጅቷ ዕቃ አይደለችም። ሓበን፣ ነይ ልጄ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ሓበን አልመጣችም። እዚያው በሩ ላይ ሆና እናቷን አየቻት።

«እሁድ ብቻ ነው» አለች፣ «ወይስ ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ» አለች ተናኘወርቅ።

«ማክሰኞም?»

«ዛሬ ማክሰኞ አይደል?»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ በሰው መሐል፣ ባግዳሚዎቹ መካከል አቋርጣ መጥታ ከእናቷ ጎን ቆመች። አላቀፈቻትም። ትከሻዋ ግን የእናቷን ክንድ ነካ፤ እዚያው ቆየ።

«ለቅሶ ቤት ባይሆን» አሉ እማማ ወለተሰንበት ለማንም ሳይሆን፣ «እልል እል ነበር።»

ጽንዓት አፍንጫዋን ጠረገች። «የት ልታስቀምጫት ነው?» አለች፣ ገና በቁጣ ቃና።

«ኮልፌ አንዲት ክፍል አለችኝ። ጠባብ ናት፤ ግን የራሷ በር አላት።»

«እስከ አርባው እዚሁ ሁኑ። ትምህርቷም እዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን እናያለን።» ማኅደሩን ጉልበቷ ላይ አስተካከለችው። «ሻንጣውንማ ደክሜ ነው ያሠርኩት። እኔ አልፈታውም፤ አንቺ ፍቺው።»

አሥር ሰዓት ላይ ድንኳኑ ተነቀለ። አግዳሚዎቹ ጋሪ ላይ ተጫኑ። ጃፋር ብርቱካኑንና የቀለም እርሳሱን አምጥቶ «ይህ ነገር ሱቄን ሊያሸተው ነው» ብሎ ሰጥቶ ሄደ። ቅያሱ ሰፊ ሆነ፤ ድንኳኑ የነበረበት መሬት ብቻ ተረግጦ ይታያል።

ተናኘወርቅ በሩን ስትጠርግ ሓበን ከቤት ወጣች። ሁለት በርጩማ ተሸክማለች። አንዱን ከበሩ ግራ፣ ሌላውን ከቀኝ አስቀመጠች። ቆም ብላ አየቻቸው። ከዚያ የግራውን አንስታ ከቀኙ ፊት አመጣችው።

«ተቀመጪ» አለች እናቷን፣ ኋላ ያለውን እያሳየች።

ተቀመጠች። ሓበን ፊት ለፊቷ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠችና ከኪሷ ማበጠሪያ አውጥታ በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ አቀበለቻት። ጸጉሯ አባቷ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ካሠረላት ወዲህ አልተፈታም። ሴቶቹ ሦስት ቀን ለምነዋት እምቢ ብላለች። ሪቫኖቹ አፈር ጠጥተዋል፤ በግራው ጫፍ ላይ ደብዛዛ ጥቁር የጣት ምልክት አለ።

ተናኘወርቅ ማበጠሪያውን ይዛ ቋጠሮውን አየችው። የጎማ ቋጠሮ ነው፤ ነፋስ እንዳያመልጥ አድርጎ ነው ያሠረው።

«ግራውን ፍቺው» አለች ሓበን።

«ቀኙስ?»

ልጅቷ እጇን አንስታ ቀኙን ነካችው።

«ቀኙ ይቆይ።»

ተናኘወርቅ የግራውን ሪቫን በጥርሷ አላልታ፣ ቀስ ብላ ፈታችው። ወደ ቀኙ ስትደርስ ሪቫኑን በሁለት ጣቷ ቀና አደረገችና፣ ቋጠሮውን ሳትነካ፣ ከጎኑ ያለውን ጸጉር ማበጠር ጀመረች።